ጋሽ ሰይድ የፈሩት ነጭ አፈር

የጋሽ ሰይድን ሞት የሰማሁት መርሳ መናኸሪያ፣ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጬ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ታናሽ እህታቸው ከዲጃ ናት። «ሙሉ፣ ወንድሜ ወደ አኼራ ሄደ። ከአስር ሶላት በኋላ እንቀብረዋለን» አለችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ስልኩን ዘጋችው። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ» እያለ በበሩ በኩል ይጣራል። እኔ እጄ ስልኩ ላይ እንዳለ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እሳቸው አልነበረም፤ ስለ እናቴ ሳንባ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። እሳቸው ግን ቢሰሙኝ አይታዘቡኝም ነበር። ፍርሃቱን የሚደብቅ ሰው አይወዱም ነበርና።

ጋሽ ሰይድ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያዳምጡ አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘንበል የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ በማዕድን ምርመራ ሲሠሩ ኖረው፣ ጡረታቸው ሲቃረብ ወደ አገራቸው ተመለሱና ወልድያ እኔ ያለሁበት አንድ ትንሽ የድንጋይና የአፈር መመርመሪያ ውስጥ ገቡ። እኔ ትምህርቴን ከጨረስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። የእሳቸው ረዳት ሆኜ ተመደብኩ።

የምንሠራበት መሣሪያ የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ማሽን ይባላል። ቁም ሳጥን ያክላል፤ ከፊት ወፍራም የመስታወት በር አለው። ድንጋዩን ፈጭተን እንደ ዱቄት እናልመውና በትንሽ ሳህን ጠቅጥቀን ውስጡ እናስቀምጠዋለን። ማሽኑ ጨረር ይለቅበታል፤ በኮምፒዩተሩ ላይ መስመር እየተሳለ ይሄዳል፤ መስመሩ አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ተራራ ጫፍ ይሾላል። ጫፎቹ የሚወጡበት ቦታ ማዕድኑ ማን እንደሆነ ይናገራል። ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን በትክክል አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን ለሥራ ወደ ውርጌሳ ስንሄድ መርሳ አጠገብ ያለውን የብርቱካን እርሻ በመኪናው መስኮት አሳዩኝ። «ዛፎቹን ተመልከቻቸው» አሉኝ። «አሁን ዝም ብሎ ጫካ ይመስላል። ጠብቂ።» መኪናው ትንሽ ሲሄድ ዛፎቹ ድንገት በረድፍ ተከፈቱ፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ባዶው መንገድ ታየኝ። ወዲያው ተዘጋ። ቆይቶ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ተከፈተ። «ድንጋይ ውስጥ ያሉት አተሞችም እንዲህ በረድፍ የተተከሉ ናቸው። ጨረሩ ከየረድፉ እየነጠረ ሲመለስ፣ በአንዳንዱ ማዕዘን ተደጋግፎ ይጎላል፤ በሌላው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሁለት ገበሬዎች ችግኙን በአንድ ዓይነት ርቀት ካልተከሉ በስተቀር መስመሩ አንድ ዓይነት አይሆንም። እኛ የምንለካው የአተካከሉን ርቀት ነው።» ከዚያ ወዲህ አልጠፋብኝም።

ሰው «ፈሪው ሰይድ» ይላቸው እንደነበር አውቃለሁ። ስሙን ያወጡላቸው የማሽኑ በር ማጥፊያ በተበላሸ ጊዜ ነው። ይህ ማጥፊያ በሩ ሳይዘጋ ጨረሩ እንዳይነሣ የሚከለክል ትንሽ ነገር ነው። ጋሽ ሰይድ ሁልጊዜ ጠዋት «ቢስሚላህ» ብለው፣ በሩን ከፍተው ዘግተው ይሞክሩታል። አንድ ጠዋት ሲሞክሩት አልሠራም። የክፍላችን ኃላፊ ሥራ ተከማችቷልና በጥንቃቄ ቀጥሉ አሏቸው። ጋሽ ሰይድ የማሽኑን ቁልፍ አውጥተው ኪሳቸው ከተቱ። ጥገና እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቁልፉን ይዘው እየገቡ፣ ይዘው ወጡ።

«ይህን ያህል ይፈራሉ እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እፈራለሁ» አሉኝ። «ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም፣ ሲነካሽም አያምሽም። እንዲህ ያለውን ነገር የማይፈራ ሰው ከጎኔ እንዲቆም አልፈልግም። አንቺም ፍርሃትሽን አትጣይው፤ ብቻ ሥራሽን ጥለሽ እንድትሮጪ አያድርግሽ።»

ሸህ እንድሪስ የመጡት በሦስተኛው ዓመታችን ነው። ከመርሳ ወጣ ብላ ካለች አንዲት የሐብሩ መንደር የመጡ ሽማግሌ ናቸው። የመንደሯን ስም አልጽፈውም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፣ ልጆቻቸውንም ይድራሉ። በፌስታል ነጭ አፈር ይዘው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ቤት የምንለቀልቅበት አፈር ነው» አሉ። «ባለቤቴን ቀበርኩ። ሁለት ወንድሞቼንም ቀበርኩ። ሦስቱም ጎናቸውን ወግቷቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ነው የሄዱት። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው መድኃኒቱን ጨረሱት፤ አልሻላቸውም። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ግን ከእኛ በታች ያለው መንደር እንዲህ አይሞትም። የእነሱ ግድግዳ ጭቃ ነው።»

ጋሽ ሰይድ በአጉሊ መነጽር ፌስታሉ ውስጥ አዩ። አንገታቸው ወደ ቀኝ ዘንበል እንዳለ ቀረ። ከዚያ የፌስታሉን አፍ ቀስ ብለው ቋጠሩትና «ሙሉ፣ ትንፋሽሽን ያዢና ውጪ። ሸህ፣ አንቱም ይውጡ» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ሦስታችንም ግቢው ውስጥ ቆምን።

«ጸጉር አለው» አሉኝ ሸህ እንድሪስ ከሄዱ በኋላ። «እንደ ጥጥ ብናኝ የቀጠነ ጸጉር። ነጭ አፈር ሁሉ ክፉ አይደለም፤ አብዛኛው ምንም አያደርግም። ግን ኤሪዮናይት የሚባል ማዕድን አለ። ጸጉሩ ሳንባ ውስጥ ይገባና አይወጣም። ሠላሳ፣ አርባ ዓመት ይቆያል። ከዚያ የሳንባን ሽፋን ካንሰር ያደርገዋል።»

ያንን አፈር አውቀዋለሁ። እናቴ መርሳ ገበያ ላይ በየዓመቱ ለመስከረም ትገዛዋለች። የተወለድኩበት ክፍል በእሱ የተለቀለቀ ነው። ልጅ ሆኜ ግድግዳው ላይ በምስማር ፊደል እየጫርኩ፣ ዱቄቱን እፍ እያልኩ እጫወት ነበር። ያንን ስነግራቸው ጋሽ ሰይድ «አብሽሪ» አላሉኝም። «እንግዲያው ቶሎ እንወቀው» ብቻ አሉኝ።

ማሽኑ ዱቄት ይፈልጋል፤ አፈሩን መፍጨት ደግሞ ያንን ጸጉር ወደ አየር መበተን ነው። ጋሽ ሰይድ በአልኮል አርሰው፣ ጭንብል አድርገው፣ በአየር መሳቢያው ስር ራሳቸው ፈጩት። ልረዳቸው ብዬ ስጠጋ በክርናቸው መለሱኝ። «አንቺ ከፊትሽ አርባ ዓመት አለሽ። እኔ ጋ ያን ያህል አልቀረም።» እኔ ከመስታወቱ ማዶ ቆሜ የሙቀጫዋ ዘንግ ስትዞር አየሁ። በዝግታ ነበር የሚያዞሩት፤ የተኛ ነገር እንዳይነቃባቸው የሚጠነቀቁ ይመስሉ ነበር።

ናሙናውን ማሽኑ ውስጥ ስናስገባ ምን መጠበቅ እንዳለብኝ ነገሩኝ። «መጀመሪያ ሰባት ዲግሪ አልፎ፣ ስምንት ሳይደርስ ጫፍ ካወጣ መጥፎ ነው። እዚያ ዝም ብሎ ወደ አሥሩ ሲቃረብ ካወጣ ግን ሌላዋ ናት፤ ክፋት የሌለባት።» መስመሩ ጀመረ። አምስት ላይ ዝም፣ ስድስት ላይ ዝም። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሣና ማሽኑ እስኪረጋጋ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ሁለታችንም ወንበር ሳንፈልግ ቆመን ጠበቅን። እንደገና ከመጀመሪያው አስነሣነው። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት። ከሰባት እንዳለፈ መስመሩ ቀና አለ፤ ቀና አለና ሾለ።

ጋሽ ሰይድ በቀስታ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ። እኔ ወጥቼ ከግቢው ቧንቧ ላይ ፊቴን ታጠብኩ፤ ከዚያ እጄን፣ ከዚያ አፌን። ለምን እንደምታጠብ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስነሡት። የሚመሳሰለው ሌላ ማዕድን ስላለ፣ የአፈሩን ግማሽ አዲስ አበባ ላሉ የቀድሞ ባልደረባቸው ላኩ። ኃላፊያችን መልሱ እስኪመጣ ለማንም እንዳይነገር፣ ሕዝብ እንዳይደናገጥ አሉ። ጋሽ ሰይድ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው በትሕትና መለሱላቸው።

«ጌታዬ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ተሳስቼ የሰው መንደር እንዳልበትን እፈራለሁ። ዝም ብዬ ደግሞ ዛሬ አንዲት እናት ያንን ግድግዳ በደረቁ እየጠረገች እንዳይሆን እፈራለሁ። ሁለቱን ሳመዛዝናቸው ሁለተኛው በለጠብኝ። እርግጠኛ ነኝ አልልም፤ አትንኩት ብቻ እላቸዋለሁ።»

ዓርብ አብሬያቸው ሄድኩ። ከመርሳ ባጃጅ እስከሚያደርሰን ሄድን፤ የቀረውን በእግራችን። ቤቶቹ ከሩቅ ያበራሉ። እንደዚያ የሚያምር መንደር አይቼ አላውቅም፤ የሚያበራው ግን ያው አፈር ነበር። ከጁምዓ በኋላ ሸህ እንድሪስ ሰውን መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ስር ሰበሰቡ። ጋሽ ሰይድ ቆሙና ያገኙትን ነገሩ። ማሽኑ ምን እንዳሳየ፣ ገና ምን እንዳልተረጋገጠ፣ አንድም ሳያስቀሩ። ከዚያ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከኋላ ተነሡ። እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ አፈሩን ቆፍረው መርሳ ገበያ የሚሸጡት። ከእናቴ ጋር በዋጋ ሲከራከሩ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

«ስድስት ልጅ ያሳደግኩበትን አፈር መርዝ ነው ይላሉ?» አሉ። «በዓይንዎ ያላዩትን፣ ሣጥን ነገረኝ ብለው? የእኛን ሙት ነቀርሳ ገደለው፣ አላህ ወሰደው። እኔ ነኝ የገደልኳቸው ሊሉ ነው የመጡት? አላህ የእጅዎን ይስጥዎ።»

ሰው አጉረመረመ። አንድ ሰው ጋሽ ሰይድን በክንዳቸው ያዘ፤ ሊያስወጣቸው ይሁን ሊያስቀምጣቸው አልታወቀኝም። እኔ መውጫውን መንገድ በዓይኔ እየፈለግኩ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ወደ ሴትዮዋ ዞረው «እህቴ፣ አንቱ ማንንም አልገደሉም። የማያውቁት ነገር ነው» አሉ። «እኔም መሳሳቴን እመኛለሁ። ከተሳሳትኩ እዚሁ መጥቼ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከዚያ አይቆፍሩ። ግድግዳውን አትጫሩት፣ በደረቁ አትጥረጉት። በላዩ ጭቃ ምረጉበት።»

ከዚያ ጃኬታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ሸህ እንድሪስ ቤት አጠገብ ጭድ ያለበት ጭቃ ተቦክቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ውሃ አርከፈከፉና በእጃቸው መምረግ ጀመሩ። የማሽን ሰው እጅ ነው፤ ምርጊቱ እየተላቀቀ ይወድቃል። የሸህ እንድሪስ ልጅ ትንሽ ካየቻቸው በኋላ «እንደሱ አይደለም» ብላ ከጎናቸው ቆመች። ከዚያ ሌላ ሰው መጣ። ስንሄድ የዚያ ቤት አንድ ጎን ጠቁሮ ነበር። ሌሎቹ ቤቶች ሁሉ እንዳበሩ ነበሩ።

የአዲስ አበባው መልስ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ ያው ነው የሚል። ከዚያ በኋላ የሚመለከታቸው ሰዎች መጥተው ጉድጓዱን በድንጋይ ዘጉት፤ መንደሩም ቀስ በቀስ ጭቃ ለበሰ። እኔ ቅዳሜና እሑድ መርሳ እየሄድኩ የእናቴን ቤት መረግኩ። እናቴ ስታስል እጄ ይቆማል። ጉንፋን ነው ትለኛለች፤ ጉንፋንም ነበር። የደረት ምስል አስነሣኋት፤ ንጹሕ ነው አሉን፤ ግን በየዓመቱ ትታይ ተባለ። አንድ ነገር ደህና ነው ተብሎ ተነግሮኝ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ጋሽ ሰይድ በእነዚያ ወራት ከየመንደሩ የግድግዳ ስባሪ ያመጡ ነበር። እያንዳንዱ እርጥብ፣ በጠርሙስ የታሸገ፣ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት። አንድ ከሰዓት በኋላ አስራ አንደኛውን ለብቻዬ ሠራሁት። ያን ያህል ጥርት ያለ መስመር አግኝቼ አላውቅም ነበርና እንደ ተማሪ ደስ ብሎኝ ጠራኋቸው። «ጋሽ ሰይድ፣ ይሄም ያው ነው። ሰባት ላይ ያለውን ይመልከቱት፣ እንዴት ጥርት ብሎ እንደወጣ።» መጥተው አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል» አሉኝና ለሶላት ወጡ።

እህታቸው ከዲጃ የነገረችኝ ከሦስት ወር በኋላ፣ ሆስፒታል ከገቡ ወዲያ ነው። አስራ አንደኛው ናሙና የእናታቸው ቤት ግድግዳ ነበር። ሁለቱም ተወልደው ያደጉባት፣ ከሸህ እንድሪስ መንደር ማዶ ያለች የፈረሰች ቤት። ያንን ጠርሙስ ሲሰጡኝ ቀኝ ጎናቸውን መውጋት ከጀመራቸው ስድስት ወር ሆኗቸው ነበር። ለማንም አልነገሩም፤ መጀመሪያ ማወቅ ነበር የፈለጉት። ያወቁትም ከእኔ አፍ ነው፤ እየሳቅኩ ስነግራቸው።

ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኳቸው ወልድያ ቤታቸው ነው። ከሳንባቸው ውሃ ተቀድቶላቸው ተመልሰዋል፤ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትንሽ ከተናገሩ ትንፋሽ ለመሳብ ያርፋሉ። ስለ አስራ አንደኛው ናሙና ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ሄጄ ነበር። በምትኩ «ይፈራሉ ጋሽ ሰይድ?» አልኳቸው።

«በጣም» አሉኝ። አረፍ አሉ። «ጠዋት ከእኔ ቀድሞ የሚነቃው ፍርሃቱ ነው። ግን የምፈራውን በስሙ አውቀዋለሁ። እንድሪስ ሚስቱን ሲቀብር ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር።» እንደገና አረፍ አሉ። «ዘይነባን ወደ ሐኪም ውሰጂልኝ። ሃያ ዓመት ቆፍራለች። እኔን ስታይ ትሸሻለች፤ አንቺን ግን ታውቅሻለች።»

እሺ አልኳቸው። እትዬ ዘይነባን ግን አልወሰድኳቸውም። ሁለት ጊዜ መርሳ ገበያ ላይ አየኋቸው፤ አሁን ሽንኩርት ነው የሚሸጡት። ሁለቱንም ጊዜ መንገድ ቀይሬ አለፍኩ። ሐኪሙ ምን እንደሚላቸው ፈርቼ ነበር፤ ከዚያም በላይ እትዬ ዘይነባ የሚያገኙትን ነገር እናቴም ከዓመታት በኋላ ታገኘዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

የጋሽ ሰይድ ቀብር ላይ ደርሻለሁ። በማግስቱ ከእናቴ ጋር ለለቅሶ ተመልሰን ስንሄድ የዚያች መንደር ሰዎች በመኪና ተጭነው መጥተው ድንኳኑን ሞልተውታል። ሸህ እንድሪስ ከወንዶቹ ጋር ዱዓ ያደርጋሉ። እትዬ ዘይነባ ከሴቶቹ ጥግ፣ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሡና እጄን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ።

«እኔ ረግሜያቸው ነበር» አሉ። «በሰው ሁሉ ፊት። ሲታመሙ እኔን አንሥተው ነበር?»

«አንሥተው ነበር።»

«ምን አሉ?»

«ወደ ሐኪም ውሰጂልኝ አሉ። አንቱን። እኔ ፈርቼ ነው እስካሁን ያልመጣሁት።»

ድንኳኑን፣ መንገዱን፣ እኔን አዩ። «እኔም ፈርቼ ነው» አሉ። «ጎኔን አንዳንዴ ይወጋኛል። ለልጆቼ አልነገርኩም።»

በሦስተኛው ቀን ወልድያ ሆስፒታል ሄድን፤ እሳቸው፣ እናቴና እኔ። እትዬ ዘይነባ ምስል ማንሻው ክፍል ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። «ይህም ያው የእሳቸው ጨረር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ ዘመዱ ነው አልኳቸው። ምስሉን ተነሥተው እስኪወጡ እናቴ እጄን እንደያዘች አልለቀቀችውም። ሐኪሙ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አየው። የጎን ሕመሙ ከሸክም የመጣ እንደሚመስል፣ ሳንባቸው ላይ አሁን ምንም እንደማይታይ፣ ግን ያን ያህል ዓመት የቆፈረ ሰው በየዓመቱ መታየት እንዳለበት ነገራቸው።

እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። «በየዓመቱ እንዲህ ልፈራ ነው?» አሉ።

«አዎ» አለች እናቴ፣ ከጎናቸው እየተቀመጠች።

እትዬ ዘይነባ ስልካቸውን ከብብታቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ቁጥርሽን አስገቢልኝ» አሉኝ። «እናትሽን ስታመጪ ደውዪልኝ። ብቻዬን አልመጣም።»